መብራት ሲሄድ ቴሌስኮፑን ማን ያዞረዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌስኮፕ ላለው ሰው የመብራት መጥፋት ሁለት መልክ አለው። ሰፈሩ ድርግም ሲል የመንገድና የሱቅ መብራት ውጧቸው የነበሩ ኮከቦች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በዚያችው ቅጽበት ግን ከቤት በኤክስቴንሽን ገመድ መብራት የተሳበለት ባለሞተር ቴሌስኮፕ ቀጥ ይላል። የእጅ መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ዝዝ ይል የነበረው ሞተር ጸጥ ይላል፤ በዓይን ሌንሱ መሀል የነበረችው ሳተርን ወደ ጠርዝ መንሸራተት ትጀምራለች። ማጉያው ከፍተኛ ከሆነ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታ ከዓይን ትጠፋለች።

ሲጠበቅ የነበረው ጨለማ የመጣው መሣሪያው በደነዘዘበት ሰዓት ነው። ታዲያ ቱቦውን በእጅ ገፋ እያደረጉ መቀጠል አይቻልም? በአብዛኞቹ ይቻላል። በአንዳንዶቹ ግን ያው ግፊት ውስጣቸው ያለውን ጥርስ ይሰብራል። የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ሞተሩና ቱቦው በምን እንደተያያዙ ማየት ያስፈልጋል።

ተሸካሚው አካል

ቴሌስኮፕ ሲባል የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ቱቦው ላይ ነው። ቱቦው ብርሃን ይሰበስባል፤ ወዴት እንደሚመለከት የሚወስነው ግን በቱቦውና በሦስቱ እግሮች መካከል የተቀመጠው፣ ሰማይ ተመልካቾች ማውንት የሚሉት አካል ነው። ሥራውን ከባድ ያደረገችው መሬት ናት። ከኮከቦች አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ስለሆነ፣ ሰማዩ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ የሚሄድ ይመስላል። ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ለመጓዝ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። በባዶ ዓይን ይህ ብዙም አይታወቅም። 200 ጊዜ በሚያጎላ ሌንስ ሲታይ ግን ኮከብ ከአንዱ ጠርዝ ገብቶ በሌላው ለመውጣት አንድ ደቂቃ ገደማ ብቻ ይወስድበታል።

ይህን እንቅስቃሴ ለመከተል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማውንት ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች ብቻ ይዞራል፤ ለመረዳት ቀላል ነው፣ ነገር ግን ኮከብን ለመከተል ሁለቱንም አቅጣጫ አብሮ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። ሁለተኛው የዋልታ ማውንት ነው። አንዱ ዛቢያው ከመሬት ዛቢያ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ሰማይ ዋልታ እንዲያመለክት ስለሚጋደም፣ ያቺን አንዲት ዛቢያ ብቻ በዝግታ ማዞር ኮከቡን ሌሊቱን ሙሉ ለመከተል ይበቃል። ሌላው ዛቢያ የሚያገለግለው ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ለመሄድ ነው።

ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት መፍትሔ ያገኘ ጉዳይ ነው። ጀርመናዊው የሌንስ ጠቢብ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ዛሬ ኢስቶኒያ ውስጥ ላለችው ለታርቱ ከተማ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ለዶርፓት፣ የሠራው ባለ 24 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1824 ሲደርስ፣ የዋልታ ዛቢያውን የሚያዞረው ቀስ እያለ የሚወርድ ክብደት የሚነዳው የሰዓት ማሽን ነበር። ተመልካቹ ቱቦውን በእጁ ወደ ፈለገው ኮከብ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ክብደቱ ይረከባል። የሰማይ ተመራማሪው ፍሪድሪሕ ስትሩቬ ከ3,000 በላይ ጥንድ ኮከቦችን የመዘገበው በዚህ መሣሪያ ነው። በርሊን ላይ ዮሐን ጋሌ እ.ኤ.አ. በ1846 ኔፕቱንን ሲያገኝ የተጠቀመበት ቴሌስኮፕም ከፍራውንሆፈር ድርጅት የወጣ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንት ዊልሰን ላይ እ.ኤ.አ. በ1917 ሥራ የጀመረው ባለ 2.5 ሜትር መስታወት ሁከር ቴሌስኮፕ ሳይቀር ሰማዩን ይከተል የነበረው በሚወርድ ክብደት ነው። አሪዞና፣ ፍላግስታፍ በሚገኘው የሎዌል ታዛቢ ጣቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1896 የተተከለውን ባለ 61 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ቴሌስኮፕ ዛሬም አስጎብኚዎች በእጃቸው እየገፉ ለጎብኚ ያሳዩበታል። የሚሸፍነው ጉልላት የሚሽከረከረው በፎርድ ፒክአፕ መኪና ጎማዎች ላይ ነው።

እንግዲህ በእጅ መግፋት ለቴሌስኮፕ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው በኋላ የመጣውና በመሀል የገባው ሞተር ነው።

በሞተሩና በቱቦው መካከል

የባለሞተር ማውንት ሽፋን ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው መዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሞተር ነው። ሞተሩ በትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች ወይም በቀበቶ አማካይነት እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ዘንግ ያዞራል። የዘንጉ ጥምዝ ከአንድ ትልቅ የናስ ጎማ ጥርሶች ጋር የተነካከሰ ነው። ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ትልቁ ጎማ የሚራመደው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ጎማው 144 ጥርስ ካለው የዘንጉ አንድ ዙር ቱቦውን 2.5 ዲግሪ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሰማዩ ደግሞ 2.5 ዲግሪ ለመሄድ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዘንጉ በአሥር ደቂቃ አንዴ ከዞረ ኮከቡ ከሌንሱ መሀል አይወጣም። ጎማው ባለ 180 ጥርስ ሲሆን ዙሩ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

ትንሽ ሞተር ከባድ ቱቦ ማዞር የሚችለው በዚህ ዘዴ ነው። መንገዱ ግን የአንድ አቅጣጫ ነው፦ ዘንጉ ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ዘንጉን አያዞርም። የጊታር ክር መወጠሪያም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ቁልፉን በሁለት ጣት ስናዞር ክሩ ይወጠራል፣ ክሩ ግን የቱንም ያህል ቢስብ ቁልፉን መልሶ አያዞረውም። መብራት ሲሄድ ቱቦው ሳይወድቅ ባለበት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቱቦውን ይዞ በጉልበት የሚገፋ ሰውም የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ቱቦው ረጅም ስለሆነ ጫፉን የነካ ቀላል የእጅ ግፊት በብዙ እጥፍ ተባዝቶ አንድ ወይም ሁለት የናስ ጥርስ ላይ ያርፋል። ጥርሱ ባይሰበር እንኳ ከተላላጠ፣ ማውንቱ ከዚያ ወዲህ ያ ጥርስ በደረሰ ቁጥር ኮከቡን ያዘልላል።

ለዚህ የተዘጋጀው መውጫ ፍሪሲዮን ነው። በአብዛኞቹ የዋልታ ማውንቶች በእያንዳንዱ ዛቢያ ጎን አንዲት ትንሽ ማንሻ ወይም በእጅ የሚዞር ብሎን አለች። ስትጠብቅ ትልቁን ጎማና ዛቢያውን አንድ ታደርጋቸዋለች፤ ስትላላ ታለያያቸዋለች። ያኔ ጎማው፣ የተጠመዘዘው ዘንግና ሞተሩ ባሉበት ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ ዛቢያው ግን ከቱቦው ጋር በኩሽኔታው ላይ እንደልቡ ይዞራል። ተመልካቹ የሚገፋው ቱቦውን ብቻ ነው፤ ጥርሶቹን የሚነካቸው የለም።

ሚዛን

ፍሪሲዮን ማላላት የሚያስፈራው ሚዛኑ ያልተስተካከለ ቱቦ ላይ ነው። ማንሻዋ ላላ እንዳለች ከባዱ ጎን ይወርዳል፤ ቱቦው ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፣ ወይም ቱቦውን ለማመጣጠን በተቃራኒው ወገን በዘንግ ላይ የሚገባው ከባዱ የሚዛን ክብደት የሰው ጉልበት ላይ ያርፋል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የሚጠቅመው ሥራ የሚሠራው መብራት ሳይሄድ፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቱቦው፣ የዓይን ሌንሱ፣ ካሜራ ካለም ካሜራው፣ ሁሉም በቦታው ከገባ በኋላ የዋልታ ዛቢያው ፍሪሲዮን ይላላና የሚዛን ክብደቱ ያለበት ዘንግ ከመሬት ጋር ትይዩ እንዲሆን ይደረጋል። ቱቦው ካዘቀዘቀ ክብደቱ ወደ ዘንጉ ጫፍ ይገፋል፤ ክብደቱ ካዘቀዘቀ ወደ ውስጥ ይሳባል። እጅ ሲለቀው ባለበት ከቆመ ደርሷል። ከዚያ ይህ ዛቢያ ይጠብቅና የሌላው ይላላል፤ ቱቦው አግድም ይደረግና በሁለቱ ቀለበቶቹ ውስጥ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይመጣጠናል። በደንብ የተመጣጠነ ቱቦ በአንድ ጣት ይገፋል፤ ጣቱ ሲነሳ ይቆማል።

ይህ ለሞተሩም ነው የሚሠራው። ሚዛኑ በተዛባ ማውንት ላይ ሞተሩ ሰማዩን ከመከተል ይልቅ ክብደት ሲያነሳ ያድራል፤ ባትሪ ይበላል፣ ጥርስ ይፈጃል። ለምሳሌ ያህል ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለውን ሄል ቴሌስኮፕ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1948 የተመረቀው ይህ ባለ 5.1 ሜትር መስታወት መሣሪያ ተንቀሳቃሽ አካሉ 500 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሰማዩን እንዲከተል ለማድረግ የተመደበለት ሞተር ግን የአንድ የፈረስ ጉልበት አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 60 ዋት ገደማ ብቻ ነበር። ክብደቱ በሁለቱም ወገን ተመጣጥኗል፤ የሚያርፈውም በግፊት በሚመጣ ስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ስለሆነ ሰበቃ የለውም ማለት ይቻላል። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የራሱን ኃይል መፈለጉ ሳይዘነጋ፣ አምስት መቶ ቶን ለማዞር ያን ያህል ትንሽ ሞተር መብቃቱ ሚዛን ምን ያህል ጉልበት እንደሚቆጥብ ያሳያል።

መብራት በሄደበት ሰዓት

መጀመሪያ የሚደረገው ሶኬቱን መንቀል ነው። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ከልክ ባለፈ ኃይል ስለሚመጣ፣ የማውንቱን ኤሌክትሮኒክስ ከዚያ ማዳን ይገባል። ከዚያ ወዲያ ቱቦው በአንድ እጅ ይያዛል፤ የሚዛን ክብደቱ ያለበትን ዘንግ በሌላ እጅ የሚይዝ ጓደኛ ካለ የተሻለ ነው። የዋልታ ዛቢያው ማንሻ በአንዴ አትፈታም። ሩብ ዙር ያህል ላላ ተደርጋ ቱቦው ወዴት ማዘንበል እንደሚፈልግ መዳፍ ላይ ይሰማል፤ የማይጎትት ከሆነ ትንሽ ትጨመራለች። ቱቦው ወደተፈለገው ሲደርስ መልሳ ትጠብቃለች፤ ቀጥሎ የሌላኛው ተራ ይሆናል። ሁለቱን አብሮ ማላላት ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይመከርም።

ለዚያ ምሽት መመልከት ከበቃ፣ ቱቦውን ወደ መነሻ ቦታው መመለስ ጥሩ ልማድ ነው፦ የሚዛን ክብደቱ ወደ ታች፣ ቱቦው ወደ ዋልታው። ብዙዎቹ ማውንቶች ሲበሩ ራሳቸውን እዚያ እንዳሉ ይቆጥራሉ። በእጅ ከተገፉ በኋላ ኮምፒዩተሩ የት እንዳለ ስለማያውቅ፣ መብራት ሲመጣ በታወቁ ኮከቦች እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። ቱቦው ውጭ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ይደረግለታል። የቆመ ቴሌስኮፕ ባለበት ሲጠብቅ ፀሐይ በማግስቱ በፊቱ ልታልፍ ትችላለች፤ ሌንስ ያለፈ የፀሐይ ብርሃን ዓይን ያጠፋል፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል።

መመልከቱን መቀጠል ለሚፈልግ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ለስላሳ ማድረግ ይረዳል። ቱቦው ሲገፋ የሚሄድ፣ ሲለቀቅ የሚቆም እስኪሆን ድረስ ብቻ ይጠብቃል። የዋልታ ማውንት ወደ ዋልታው በትክክል ከተጋደመ የሚገፋው አንዱ ዛቢያ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ማጉያ መጠቀምም ተገቢ ነው፤ አንድ ዲግሪ የሚያሳይ የዓይን ሌንስ ኮከብን አራት ደቂቃ ያህል ያቆያል። ልምድ ያለው ሰው ኮከቡን መሀል አያስቀምጠውም፤ ወደሚገባበት ወደ ምሥራቅ ጠርዝ ያደርገዋል፣ እጁን ያነሳል፣ መንቀጥቀጡ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ኮከቡ የሌንሱን ስፋት ሁሉ ሲያቋርጥ ያየዋል። አንዳንድ ቀለል ያሉ የዋልታ ማውንቶች ሞተራቸው ሲለያይ በተጠመዘዘው ዘንግ ጫፍ ላይ የእጅ ማዞሪያ ይገጠምላቸዋል። ባለ 144 ጥርስ ከሆነ በየሁለት ደቂቃ ተኩሉ ሩብ ዙር ማዞር ይበቃል።

ማንሻ የሌላቸው

ሁሉም ማውንት ግን ይህን አይፈቅድም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የበረከቱት፣ ቀለል ብለው ብዙ የሚሸከሙት ማውንቶች በውስጣቸው ያለው ጎማ እየተለመጠ የሚዞር ስስ ብረት ነው፤ ብዙዎቹ የሚላላ ፍሪሲዮን የላቸውም፣ የሚዛን ክብደትም አብዛኛውን ጊዜ አይፈልጉም። መብራት ሲሄድ እነዚህን በእጅ ማዞር አይሞከርም፤ ባለበት ትቶ ባትሪ መፈለግ ይሻላል። በአንድ ክንድ ቱቦ የሚይዙ ትንንሽ ኮምፒዩተራይዝድ ቴሌስኮፖች ውስጥም አንዱ ዛቢያ በእጅ የሚገፋ፣ ሌላው በሞተር ብቻ የሚዞር የሆኑ አሉ። የተገፋ ሞተር ጀነሬተር ይሆናል፤ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ያለው ማውንት ሲገዛ የመጣውን መመሪያ ማንበብ ግምትን ሁሉ ያስቀራል።

በተቃራኒው ለእጅ ተብለው የተሠሩም አሉ። የቴሌስኮፕ አምራቹ ስካይ ዋቸር ፍሪደም ፋይንድ በሚለው አሠራሩ በእያንዳንዱ ዛቢያ ላይ ሁለት የአቅጣጫ መቁጠሪያዎች ያስቀምጣል፦ አንዱ ሞተሩን፣ ሌላው ዛቢያውን ራሱን ይቆጥራል። ስለዚህ ቱቦው በእጅ ቢገፋም ኮምፒዩተሩ የት እንደደረሰ ያውቃል። ይህ ግን መቁጠሪያዎቹ ኃይል እስካላቸው ብቻ ነው፤ ፈጽሞ ኃይል ከሌለ መቁጠርም የለም። ከሁሉ ቀላሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከሌሎች ጋር ሆኖ የመንገድ ዳር ተመልካቾችን ማኅበር ያቋቋመው ጆን ዶብሰን ያስተዋወቀው የጣውላ ሳጥን ነው። ከጣውላና ከቴፍሎን የተሠራ፣ ሞተር የሌለው፣ በእጅ ብቻ የሚገፋ ነው፤ መብራት ቢሄድ ባይሄድ ለውጥ የለውም።

እንጦጦ ሥር

የዋልታ ማውንት ለአዲስ አበባ ሰው አንድ የራሱ ፈተና አለው። ከተማዋ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች የዋልታ ዛቢያው ከአግድም 9 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሳው። አውሮፓና አሜሪካን አስበው የተሠሩ ብዙ ማውንቶች እስከዚያ ዝቅ አይሉም። ዝቅ የሚሉትም የሚዛን ክብደታቸው ዘንግ ወደ ታች ሲዞር ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፤ ሞተሩ ባላወቀበት ሁኔታ ሲጋጭ ጥርስ ይጎዳል፣ በእጅ የሚያዞር ሰው ግን ቀድሞ ይሰማዋል። ስለዚህ አዲስ ማውንት የገዛ ሰው ገና ሶኬት ሳይሰካ ፍሪሲዮኑን አላልቶ በሁሉም አቅጣጫ በዝግታ ቢያዞረውና የት እንደሚጋጭ ቢያውቅ ይበጀዋል። ሁለቱ የትራይፖድ እግሮች ወደ ሰሜን፣ ክፍተቱ በመካከላቸው እንዲሆን ማድረግም ይረዳል።

የሰሜን ኮከብም ከዚህ ሲታይ በአድማስ ላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ላለ ሰው የእንጦጦ ተራራ ራሱ ሊጋርደው ይችላል። በዓይን ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ኮምፓስና የስልክ ማዘንበያ መለኪያ ያደርሳሉ፤ ስህተቱን እጅ ያርመዋል። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እንጦጦ የተተከሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የሚመሩት በባለሙያ ነው፤ እዚህ የተባለው ለቤት መሣሪያ ነው።

ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰውም ከእጅ ሥራ ውጭ አይደለም። ሁለት ጣውላ በማጠፊያ ተያይዞ፣ ማጠፊያው ወደ ሰማይ ዋልታ ተጋድሞ፣ ከማጠፊያው 229 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ዙር አንድ ሚሊ ሜትር የሚራመድ ተራ ብሎን ቢገባበት፣ ብሎኑን በደቂቃ አንድ ዙር እያዞሩ ላዩ ላይ የታሰረውን ካሜራ ከሰማዩ ጋር ማስኬድ ይቻላል። ሰዓት እያዩ በጣት ማዞር ነው፤ ሰፊ ሌንስ ላለው ካሜራ ለደቂቃዎች ይበቃል። አናጺና የብሎን ሱቅ ካለ ይሠራል።

ባለሞተር ማውንት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ስለ ኮምፒዩተሩና በማኅደሩ ስላሉት ኮከቦች ብዛት ብዙ ይነገረዋል። እሱ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ በሁለቱም ዛቢያ ላይ የሚላላ ፍሪሲዮን አለ ወይ? ለ9 ዲግሪ ይወርዳል ወይ? በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል ወይ? ከዚያ መሣሪያው ይጥፋና ቱቦውን በገዛ እጁ ራቅ ወዳለ አንቴና አዙሮ ይመልሰው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ወይም ማሳየት ካልቻለ፣ መልሱ ተሰጥቷል ማለት ነው።